የርቀት እይታንና ስድስተኛ ስሜትን መለማመድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የሰፈሩት ጥያቄዎች ስድስተኛ ስሜት እንዳላቸው ከሚሰማቸው፣ የርቀት እይታን ሊሞክሩ ከሚፈልጉ፣ እንዲሁም ጉዳዩን በጥርጣሬ ከሚመለከቱ ሰዎች በየጊዜው የሚነሡ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

የርቀት እይታ ምንድን ነው? ከጥንቆላስ በምን ይለያል?

«ሪሞት ቪዊንግ» ወይም የርቀት እይታ የሚባለው፣ አንድ ሰው በዓይኑ ሊያየው፣ በጆሮው ሊሰማው ወይም በግምት ሊደርስበት የማይችለውን ቦታ፣ ዕቃ ወይም ሥዕል በሐሳቡ ብቻ ተመልክቶ በቃልና በንድፍ ለመግለጽ የሚያደርገው ሙከራ ነው። የሚሞክረው ሰው ተመልካች፣ የተደበቀው ነገር ደግሞ ዒላማ ይባላል። ከስኒ ማንበብ፣ ከዛጎል መጣል ወይም ከሞራ ገላጭነት የሚለየው በአሠራሩ ነው። ስኒ የሚያነቡ ሴት ፊት ለፊታቸው የተቀመጠውን ሰው ልብስ፣ ዕድሜና የፊት ገጽታ እያዩ፣ «እህ» ሲል እየሰሙ ነው የሚናገሩት። የርቀት እይታ ግን በደንቡ ከተሠራ ተመልካቹም ሆነ አብሮት የተቀመጠው ሰው ስለ ዒላማው አንዳች የማያውቁበት፣ የተነገረውም ሁሉ መልሱ ከመገለጡ በፊት በወረቀት የሚሰፍርበት ነው። በደንቡ ካልተሠራ ግን ስሙ ዘመናዊ ከመሆኑ በቀር ከስኒው የሚለይበት ነገር የለም።

የአሜሪካ መንግሥት በዚህ ዘዴ ይሰልል ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ልምምዱ የዛሬውን መልክ የያዘው ከ1972 ጀምሮ በካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ በሚገኘው ስታንፎርድ ሪሰርች ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ ሥራውን የመሩት ቀደም ሲል በሌዘር ምርምር ላይ የነበሩት የፊዚክስ ባለሙያዎች ራስል ታርግና ሃሮልድ ፑቶፍ ነበሩ። ተቋሙ ከስሙ የተነሣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ይመስላል፤ ነገር ግን ከዩኒቨርሲቲው የተለየው በ1970 ስለሆነ «ስታንፎርድ ያረጋገጠው» የሚል ማስታወቂያ ሲያጋጥምዎ ይጠንቀቁ። ከታወቁት ተመልካቾች መካከል ኢንጎ ስዋን የተባለው የኒውዮርክ ሠዓሊና ፓት ፕራይስ የተባለው የቀድሞ የፖሊስ ሰው ይገኙበታል።

ገንዘቡ መጀመሪያ ከሲአይኤ፣ በኋላም ከጦር ሠራዊቱና ከመከላከያ የስለላ ድርጅቱ የመጣ ነበር። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ነበርና ሶቭየት ኅብረት በእንዲህ ዓይነቱ ምርምር ቀድማናለች የሚል ሥጋት በዋሽንግተን ሰፍኖ ነበር። ከ1970ዎቹ መገባደጃ አንሥቶ ወታደራዊ ተመልካቾች በሜሪላንድ፣ ፎርት ሚድ በተባለው የጦር ሰፈር ይሠሩ ነበር፤ ቦታው ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም አይርቅም። ፕሮግራሙ ግሪል ፍሌም፣ ሴንተር ሌን፣ ሰን ስትሪክ እየተባለ ቆይቶ በመጨረሻ ስታርጌት የሚለውን ስም ይዟል። ከሃያ ዓመታት በላይ በቆየበት ጊዜ ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል።

ታዲያ ውጤቱ ምን ሆነ?

በ1995 ሲአይኤ ፕሮግራሙን እንዲገመግምለት ለአንድ ገለልተኛ የምርምር ተቋም ሰጠ፤ የቤተ ሙከራውን ማስረጃ እንዲመረምሩ የተመረጡትም የስታትስቲክስ ባለሙያዋ ጄሲካ አትስና የሥነ ልቦና ምሁሩ ሬይ ሃይማን ነበሩ። አትስ ቁጥሮቹ በዕድል ብቻ ሊገኙ ከሚችሉት በላይ ስለሆኑ ችሎታው መኖሩ ተረጋግጧል አሉ። ሃይማን ደግሞ ቁጥሮቹ ከዕድል በላይ መሆናቸውን ሳይክዱ፣ ይህ ብቻውን ችሎታውን አያረጋግጥም፣ በአሠራሩ ውስጥ ያልታየ እንከን ሊኖር ይችላል ብለው ተከራከሩ፤ ለምሳሌ በነዚያ ሙከራዎች የተመልካቹን ንድፍ ከዒላማው ጋር እያመሳሰለ ይፈርድ የነበረው ራሱ የምርምሩ ኃላፊ እንደነበረ ጠቁመዋል። በዚህ ላይ ያለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። በስለላ ረገድ የተሰጠው ብያኔ ግን ግልጽ ነበር፤ ከተመልካቾቹ የመጣው መረጃ አንድም ጊዜ የስለላ ሥራን ለመምራት አልዋለም ተብሎ ፕሮግራሙ በዚያው ዓመት ተዘግቷል።

የዚህ ገጽ ጸሐፊ አስተያየት ከተጠየቀ፣ ሚዛኑ ወደ ሃይማን ያጋድላል። ሆኖም «ሁሉም ማጭበርበር ነበር» የሚለው አባባልም ከእውነቱ የራቀ ነው፤ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች በቅንነት የሠሩ ናቸው፤ ስህተት ደግሞ ቅን ሰውን አይምርም።

የተሳኩ ናቸው ተብለው የሚነገሩት ታሪኮችስ?

ሦስቱ በብዛት ይጠቀሳሉ። ፓት ፕራይስ በ1974 የቦታውን መጋጠሚያ ቁጥር (ኬክሮስና ኬንትሮስ) ብቻ ተነግሮት በካዛክስታን፣ በሴሚፓላቲንስክ አካባቢ የሚገኝ የሶቭየት ማዕከልን ሲገልጽ በሐዲድ ላይ የሚሄድ ግዙፍ ክሬን ሣለ፤ ክሬኑም በሳተላይት ፎቶ ላይ በእርግጥ ነበር። አብሮ የማይነገረው ነገር ፕራይስ ስለዚያው ቦታ ከተናገራቸው ሌሎች ነገሮች ብዙዎቹ ስህተት መሆናቸው ነው። ኢንጎ ስዋን በ1973 ስለ ጁፒተር ሲናገር ቀለበት የመሰለ ነገር ጠቀሰ፤ ቮያጀር 1 የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በ1979 ቀለበቱን ስታገኝም «አልነገርናችሁም?» ተባለ። ነገር ግን ስዋን በዚያው ንግግር ጁፒተር ላይ ታላላቅ የተራራ ሰንሰለቶች እንዳየ ተናግሮ ነበር፤ ጁፒተር ደግሞ የጋዝ ፕላኔት ስለሆነ ተራራ የሚቆምበት ጠጣር መሬት የለውም። ሦስተኛው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ሥልጣን ከለቀቁ በኋላ በ1995 የተናገሩት ነው፤ ዛየር (የዛሬዋ ዴሞክራሲያዊ ኮንጎ) ውስጥ የወደቀ አንድ አውሮፕላን ጠፍቶ ሳለ አንዲት ሴት በሰመመን ሆና ቦታውን በቁጥር እንደነገረችና አውሮፕላኑ እዚያ እንደተገኘ ገልጸዋል። ታሪኩ የሚያስገርም ነው። ይሁን እንጂ ያች ሴትም ሆኑ ሌሎች ተመልካቾች ስንት ጊዜ ተጠይቀው ስንቱን እንደሳቱ ሳይታወቅ የአንድ ቀን ስኬት ምን ያህል እንደሚመዝን ማንም ሊናገር አይችልም።

ስህተት የሚገባው በየት በኩል ነው?

ለዚህ ከሁሉ የሚያስተምረው በኒውዚላንድ፣ በኦታጎ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የሥነ ልቦና ምሁራን ዴቪድ ማርክስና ሪቻርድ ካማን ያደረጉት ነው። የታርግንና የፑቶፍን ሙከራ በ35 ዙር ደግመው ሠሩት፤ አልተሳካላቸውም። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ጽሑፎች ሲመረምሩ፣ ተመልካቹ የተናገረው ቃል በቃል ተገልብጦ ንግግሮቹን ከቦታዎቹ ጋር ለሚያዛምደው ዳኛ ሲሰጥ «ትናንት እንዳየናቸው ሁለት ቦታዎች» የመሰሉ ንግግሮች ሳይወጡ መቅረታቸውን፣ አንዳንዱም ላይ ቀኑ መጻፉን አገኙ። ለዳኛው የተሰጠው የቦታዎች ዝርዝር ደግሞ በተጎበኙበት ቅደም ተከተል የተጻፈ ነበር። እንግዲህ ዳኛው ሳያስበው እንኳ የትኛው ንግግር ለየትኛው ቦታ እንደሆነ ቅደም ተከተሉ ይነግረዋል ማለት ነው። ማርክስ ቦታዎቹን በዓይኑ ሳያይ በእነዚህ ፍንጮች ብቻ ንግግሮቹን ከቦታዎቹ ጋር ማዛመድ ችሏል፤ ግኝታቸውም በ1978 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታትሟል።

እዚህ ላይ የዋሸ ሰው የለም፤ ወረቀት ላይ የቀረ አንድ ቀን በቂ ሆነ። ባለሙያዎች በቤተ ሙከራ ውስጥ እንዲህ ከተሳሳቱ፣ እኛ ሳሎን ውስጥ ቡና እየጠጣን የምናደርገው ሙከራ ምን ያህል ቀዳዳ እንደሚኖረው መገመት አያዳግትም።

ቤቴ ውስጥ ልሞክረው ብል እንዴት ላድርግ?

ሁለት ረዳቶች ያስፈልጉዎታል፤ አንዱ ዒላማውን የሚያዘጋጅ፣ ሌላው የሚዳኝ። አዘጋጁ ከአሮጌ መጽሔቶችና የቀን መቁጠሪያዎች ወይም ከማተሚያ ቤት 80 ሥዕሎችን ሰብስቦ አራት አራት እያደረገ 20 ጥቅል ይሠራል። በአንድ ጥቅል ውስጥ ያሉት አራቱ ፈጽሞ የማይመሳሰሉ መሆን አለባቸው፤ ለምሳሌ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ፣ በጣና ላይ የምትሄድ ታንኳ፣ የመርካቶ ሕዝብና አንድ የሎሚ ፍሬ። ሁለት የውኃ ሥዕሎች በአንድ ጥቅል ከገቡ ዳኛው መለየት ይቸግረዋል። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሁለት ቅጂ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለዒላማነት፣ ሌላው ለዳኝነት። አዘጋጁ የነካካው ሥዕል ጠርዙ ይተጣጠፋል፣ የጣት አሻራ ይቀርበታል፤ ዳኛው ያንን ቅጂ ካየ ሥዕሉ ራሱ «እኔ ነኝ» ይለዋል።

በሙከራው ቀን አዘጋጁ አንዱን ጥቅል አንሥቶ ከአራቱ አንዱን በዕጣ ያወጣል። በራሱ ምርጫ አይደለም፤ የሰው ምርጫ ልማድ አለው፣ ወዳጅዎ ደግሞ ምን እንደሚወድ ያውቃሉ። የወጣውን ሥዕል በወፍራም ወረቀት ጠቅልሎ ፖስታ ውስጥ ያሽግና እርስዎንም ዳኛውንም ሳያገኝ፣ ፖስታውንና የዳኝነቱን አራት ቅጂዎች በተወሰነላቸው ቦታ አስቀምጦ ይሄዳል። ስልክ መደወልም አይገባውም።

እርስዎ ጸጥ ባለ ቦታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተቀምጠው የሚመጣልዎትን ይጽፋሉ፣ ይሥላሉ። ልምዱ ያላቸው ሰዎች አጥብቀው የሚመክሩት ነገር ስም ከመስጠት መቆጠብን ነው፤ «ቤተ ክርስቲያን ነው» ከማለት ይልቅ «ድንጋይ፣ ቀጥ ያለ ጠርዝ፣ ቀዝቃዛ፣ ወደ ታች የሚወርድ» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ስሙ ከሐሳብዎ አልወጣ ካለ ለብቻው በወረቀቱ ዳር ያስፍሩት። ሲጨርሱ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው ይፈርሙበታል፤ ከዚያ በኋላ አንዲት መስመር አይጨመርም። ዒላማውን የማያውቀው ዳኛ ጽሑፍዎን ከአራቱ ቅጂዎች ጋር እያስተያየ ከሁሉ ይበልጥ የሚመስለውን ይመርጥና ምርጫውን በጽሑፍ ያስቀምጣል። ፖስታው የሚከፈተው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ አሰልቺ መሆኑ አይካድም። ብዙ ሰው ሦስት ቀን ሠርቶ የሚተወውም ስለዚህ ነው።

ስንቱን በትክክል ካገኘሁ ችሎታ አለኝ ማለት ነው?

የሙከራውን ብዛት ከመጀመርዎ በፊት ይወስኑ፤ ሃያ ካሉ ሃያ ነው፤ አሥራ አንደኛው ላይ ጥሩ ሲሆን አያቆሙም፣ ሃያኛው ላይ መጥፎ ሲሆንም አይጨምሩም። ምንም ችሎታ የሌለው ሰው ከአራት አንዱን በግምት ቢያነሣ ከሃያ ሙከራ በአማካይ አምስቱን ያገኛል። ስምንትና ከዚያ በላይ ማግኘት ከአሥር ሰዎች ለአንዱ ያህል በዕድል ብቻ ይደርሰዋል። ዘጠኝና ከዚያ በላይ ደግሞ ከመቶ ሰዎች ለአራቱ ያህል።

ይህችን የመጨረሻዋን ቁጥር ልብ ይበሏት። መቶ ሰዎች ቢሞክሩ አራቱ በዕድል ብቻ «ተሰጥኦ አለኝ» ለማለት የሚያበቃ ውጤት ያገኛሉ፤ ዘጠና ስድስቱ ዝም ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ፤ አራቱ ግን የቴሌግራም ቻናል ይከፍታሉ። ስለዚህ ዘጠኝ ካገኙ ደስ ይበልዎትና በአዲስ ጥቅሎች ሌላ ሃያ ሙከራ ያድርጉ። ችሎታ ከሆነ ይደገማል፤ ዕድል ከሆነ ግን ሁለተኛው ዙር ወደ አምስት ይመለሳል።

ሕልሜ ይደርሳል፤ ስኒ አንባቢዋም ያለችኝ ሁሉ ልክ ነው። ይህስ ከንቱ ነው ማለት ነው?

ስሜቱ ከንቱ አይደለም፤ የሚያስረዳው ምክንያት ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የእያንዳንዳችሁ የጠባይ ትንተና ነው ብሎ ወረቀት ሰጣቸውና ትክክለኛነቱን ከአምስት እንዲመዝኑ ጠየቃቸው፤ አማካዩ 4.26 ሆነ። ወረቀቱ ለሁሉም አንድ ነበር፤ ዐረፍተ ነገሮቹንም የለቃቀመው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። «ልብሽ ቅን ነው፤ የቅርብሽ ሰው ግን አልተረዳሽም» የሚለው ቃል የማይነካው ሰው የት ይገኛል? ሕልምንም በተመለከተ፣ የደረሰውን እናወራለን፣ ያልደረሰውን ከቁርሳችን በፊት እንረሳለን። ማጣራት ከፈለጉ ሕልምዎን ሁሉ ጠዋት ጠዋት በቀን ይመዝግቡ፤ ከስድስት ወር በኋላ ያልደረሱትንም አብረው ይቁጠሩ።

የጠፋ ዕቃ፣ ሌባ ወይም የጠፋ ሰው እንድፈልግ ብጠየቅስ?

አይቀበሉ። በዚህ ጉዳይ እኛ ከአሜሪካኖቹ የቀደመ ታሪክ አለን። በአገራችን ሌባሻይ የሚባል ሥርዓት ነበር፤ ስሙም ሌባ ፈላጊ እንደማለት ነው። ዕቃ ሲሰረቅ አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መጠጥ ይጠጣና ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ በመንደሩ ይሄዳል፤ ወገቡ ላይ የታሰረውን መቀነት ሌላ ሰው ይዞ ይከተለዋል። ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባልና የጠፋውን እንዲከፍል ይደረጋል። ሥርዓቱ በኋላ በመንግሥት ተከልክሏል። እስኪ የዚያን ቤት ባለቤት ያስቡት፤ ልጁ ምን እንዳየ አይጠይቀውም፣ ምስክር አያቀርብበትም፣ የሚከራከረው ከአንድ የደነዘዘ ሕፃን ጋር ነው።

ዛሬ «ቀይ በር ያለው ቤት ታየኝ» ብሎ መናገር ከዚያ የተለየ አይደለም። የቤት ሠራተኛዋ፣ የእንጀራ ልጁ፣ ከሌላ ቦታ የመጣው ተከራይ፣ ማለትም በቀላሉ የሚጠረጠረው ሰው ላይ ይወድቃል። ሰውን ያለማስረጃ ሌባ ማለት በወንጀልም በፍትሐ ብሔርም ሊያስጠይቅ ይችላል። ሰው ለጠፋበት ቤተሰብም «በሕይወት አለ» ወይም «የለም» ብሎ መናገር የማይሽር ቁስል ይተዋል። በተለይ በበረሃና በባሕር መንገድ ወጥቶ ድምፁ የጠፋ ልጅ እናት ብትጠይቅዎ፣ ስለሚታይዎት ነገር ከመናገር ይልቅ የተለያዩ ቤተሰቦችን የሚያገናኘውን የቀይ መስቀል አገልግሎት እንድትጠይቅ ያግዟት።

በሽታን ማየት ይቻላል?

እንደሚቻል የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ለማንም ሰው ስለ ሕመሙ አይናገሩ፤ መድኃኒቱን እንዲተው ደግሞ በፍጹም አይምከሩ።

በሎተሪ ወይም በንግድ ልጠቀምበት እችላለሁ?

ታርግ ራሱ ሞክሮታል። በ1982 ከባልደረቦቹ ጋር በመሆን ብር የተባለውን ማዕድን የገበያ ዋጋ በርቀት እይታ ለመተንበይ ዘጠኝ ጊዜ ሞክሮ ዘጠኙንም ተሳካለት፤ ወሬውም በሰፊው ተሰማ። በቀጣዩ ዓመት ሲደግሙት ግን ከሸፈ። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት አልፏል፤ ዘዴው ቢሠራ ኖሮ የዓለም ገበያ በተመልካቾች እጅ በሆነ ነበር። ጄምስ ራንዲ የተባለው የታወቀ የመድረክ ምትሃት አሳዪም በተስማሙበት ሙከራ ልዩ ችሎታውን ለሚያሳይ ሰው አንድ ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ነበር፤ ውድድሩ በ2015 እስኪዘጋ ድረስ ገንዘቡን የወሰደ የለም።

ለሥልጠና ገንዘብ መክፈል ተገቢ ነው?

ልምምዱን ለመጀመር ከላይ የተዘረዘረውን ያህል ካወቁ ይበቃል፤ ወጪውም የወረቀትና የፖስታ ነው። እከፍላለሁ ካሉ ግን አሠልጣኙን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «የመጨረሻዎቹን ሃያ ሙከራዎችህን፣ የሳትካቸውንም ጨምረህ ታሳየኛለህ?» በምስክርነት ቪዲዮ የሚመልስልዎ ከሆነ መልሱን አግኝተዋል። ደረጃ በደረጃ ዋጋው እየጨመረ የሚሄድ፣ ከቤተሰብ ጋር እንዳይነጋገሩ የሚያዝዝ፣ «አሉታዊ ኃይል አለብህ» እያለ የሚያስፈራራ ሰው ከሆነም ጥለውት ይሂዱ።

ከሃይማኖቴ ጋር አይጋጭም?

ክርስትናም እስልምናም ጥንቆላን ያወግዛሉ። ፖስታ ውስጥ ያለ ሥዕልን ለመገመት መሞከር ጥንቆላ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ግን ይህ ገጽ ሊወስንልዎ አይችልም፤ የንስሐ አባትዎን ወይም ሼኽዎን ይጠይቁ። ኅሊናዎ ካልፈቀደ መተው ምንም አያሳጣዎትም።

ልምምዱን ማቆም ያለብኝ መቼ ነው?

እንቅልፍ ሲያጡ፣ ከሙከራው ሰዓት ውጭ ድምፅ መስማት ወይም ሰዎች ሐሳቤን ያነቡታል ብሎ መጠርጠር ሲጀምሩ፣ በየመንገዱ የሚያዩት የታርጋ ቁጥር ሁሉ ለእርስዎ የተላከ መልእክት ሲመስልዎ ያቁሙና ሐኪም ያማክሩ፤ አዲስ አበባ ላሉ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ጸበል የሚሄዱ ከሆነም ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል። ከዚህ ቀደም እንዲህ ዓይነት ሕመም የነበረበት ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

ለብቻ ሳይሆን በቡድን ሆኖ ማመንም አደጋ አለው። በ1996 መገባደጃ በአሜሪካ በአንድ የሌሊት የሬድዮ ፕሮግራም ላይ፣ ሄል-ቦፕ ከተባለው ጅራታም ኮከብ ጀርባ አንድ ግዙፍ ነገር እንደሚከተል የርቀት ተመልካቾች አይተዋል ተብሎ ተነገረ። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ አስረዱ። ኮከቡን የጠፈር መርከብ መምጣት ምልክት አድርጎ ይጠብቅ የነበረው ሄቨንስ ጌት የተባለ ቡድን 39 አባላት ግን በመጋቢት 1997 በካሊፎርኒያ አብረው ሕይወታቸውን አጠፉ። እምነታቸው ከሬድዮው ወሬ በፊት የነበረ ስለሆነ ምክንያቱ ወሬው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ያም ሆኖ «አየን» ብለው የተናገሩት ሰዎች ማን እየሰማቸው እንደነበረ አላወቁም።

ውጤቴን ለሌሎች ብናገርስ?

ይናገሩ፤ ነገር ግን ሁሉንም። ስንት ሙከራ ለማድረግ ወስነው እንደጀመሩ፣ ስንቱን እንዳገኙ፣ ስንቱን እንደሳቱ፣ ዒላማውን ማን እንዳዘጋጀና ማን እንደዳኘ በአንድነት ያስፍሩ። የተሳካውን ንድፍ ፎቶ አንሥተው ሲለጥፉ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ያልተሳኩ ገጾችም አብረው ይለጥፉ። ቦታ ከጠበበ ቁጥሩን ብቻ ይጻፉ፦ ከሃያው ሙከራ ስድስት፣ ከሃያው ሙከራ አራት።